ከቤታችን የወጣው ስም

ሴፕቴምበር 8፣ እሑድ

የካሊን ሆብስ ልጅ በኖቬምበር ትወለዳለች። ሴት መሆኗን ሁሉም ሰው ያውቃል። ስሟን የምናውቀው ግን ሦስት ብቻ ነን፤ ካሊን፣ ባሏ ትሬንትና እኔ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ በኋላ ሴቶቹ ኮሪደሩ ላይ ከበቧት።

«ስም አወጣችሁላት?»

«አውጥተናል። አንናገርም።»

«ደግ አደረጋችሁ» አለች እህት ራስባንድ። «እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስም ለገዛ እህቴ ነገርኳትና በሁለት ሳምንት ቀድማኝ ወልዳ ወሰደችው። እስከ ዛሬ ለገና ካልሲ ነው የምሰጣት።»

ሴቶቹ ሳቁ። እማዬ ኮቷን እየቆለፈች ነበር፣ እሷም ፈገግ አለች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳነብ ቆየሁ። የጽዳት ተራ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሴፕቴምበር 10፣ ማክሰኞ

ማክሰኞና ሐሙስ የካሊንን ልጅ ተከርን እጠብቃለሁ። ሁለት ዓመቱ ነው። ዛሬ የፈረስ ምስል ያለበት ጫማ ካልሆነ አላደርግም ብሎ ግማሽ ቀን በባዶ እግሩ ዋለ።

ይህን ደብተር የሚያነበው ስለሌለ ልጻፈው። ስሙ ዴልሪን ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ እማዬም አርግዛ ነበር። የእናቷ ስም ኮሪን፣ የሞተው አባቷ ደግሞ ዴል። ከሁለቱ ቆርጬ ገጠምኩት። እማዬ መጀመሪያ «የሳል መድኃኒት ይመስላል» ብላ ሳቀችብኝ። በሳምንቱ ግን ዕቃ እያጠበች በዚያ ስም ሆዷን ስታናግር ሰማኋት።

ሕፃኗ በፌብሩዋሪ ሞታ ተወለደች። አሁን ሦስት ዓመት ከግማሽ ሆናት።

እኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ አባትየው ከሌሎች ወንዶች ጋር በጉባኤው ፊት ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ሕፃኑን በመሐል ይይዙና አባትየው ስሙን ጮክ ብሎ ጠርቶ ይባርከዋል። ትንፋሽ ላላገኘች ይህ አይደረግም። የእሷ ስም ያለው የመቃብር ድንጋዩ ላይ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ «ሕፃኗ» ነው የምንለው። እሱንም በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እማዬ ቤት ታስተምረኛለች ተብሎ ነበር። መጻሕፍቱ አሁንም ከማቀዝቀዣው በላይ ተደርድረዋል።

ካሊን ስሙን ድንጋዩ ላይ አይታው ይሆናል። የመቃብሩ ቦታ አጥር የለውም፣ ማንም ያልፍበታል።

ሴፕቴምበር 12፣ ሐሙስ

ትሬንት የሕፃኗን ስም በእንጨት ቆርጦ አዘጋጅቷል። በእንግሊዝኛ ሰባት ፊደል ነው። ከአልጋዋ በላይ ይሰቀላል። እዚህ ሁሉም ሰው ቤት እንዲህ ያለ ስም ግድግዳ ላይ አለ።

«አንቺ ነሽ የምትቀቢው» አለችኝ ካሊን። «ሌላ ሰው ቢነካው ደስ አይለኝም።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«ይንቀጠቀጥ። ክሬም ቀለም ነው፣ አያስታውቅም።»

በአሮጌ የትራስ ልብስ ጠቅልዬ አመጣሁትና ጋራዡ ውስጥ ከሣር ማጨጃው ጀርባ ደበቅኩት። እማዬ እዚያ አትገባም።

ሴፕቴምበር 24፣ ማክሰኞ

የድንች አዝመራ ተጀመረ። ልጆቹ ድንች እንዲለቅሙ ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ። አባዬ መኪና ላይ፣ እኔ ማሽኑ ላይ። ጓል ስንለቅም ዋልን። ጆሮዬ ውስጥ አፈር አለ። ደክሞኛል።

ሴፕቴምበር 27፣ ዓርብ

ማሽኑ ድንቹን ከነአፈሩ እያነሣ በሰንሰለት ያሳልፈዋል። እኛ አራት ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመን ጓሉንና ሐረጉን እናወጣለን። ስለሚጮኽ ወሬውም በጩኸት ነው። ከፊቴ የቆመችው ብሪያ የምትባል ከወደ ደቡብ የመጣች ልጅ ናት።

«አክስቴ ኦገስት ላይ የወለደቻትን ምን እንዳለቻት ታውቂያለሽ?» አለቻት ከጎኗ ላለችው። «ዴልሪን።»

«ወይ ሲያምር። ከየት አመጣችው?»

«ካሊን የምትባል የባሏ ዘመድ አለች እዚህ አካባቢ። እሷ ናት የፈጠረችው። አሁንማ ዩታ ውስጥ ስልኳ ላይ መቶ ሺህ ሰው የሚከተላት ሴትዮ ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች። የዓመቱ ምርጥ ስሞች ብላ።»

አንድ ትልቅ ድንጋይ ሳላነሣው አለፈኝ። አለቃው ከላይ «ሄይ ስቶከር፣ ተኝተሻል?» አለ።

መጀመሪያ የተሰማኝን እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም አሳፋሪ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እማዬ አይደለም። «የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ብዬ ነው ያሰብኩት። ፊቴ ቆሽሾ፣ አፌ ተሸፍኖ፣ እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ስለ እማዬ ያሰብኩት ከምሳ በኋላ ነው።

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

አዝመራው አለቀ። አባዬ ሶፋው ላይ ከነቡትሱ ተኛ፣ እማዬም ምንም አላለችውም።

ፖስታ መጣ። የካሊን ቤቢ ሻወር ጥሪ ነው፣ ልጇ ሳትወለድ ሴቶቹ ስጦታ ይዘው የሚሄዱበት፤ ኦክቶበር 19። እማዬ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ከሕፃኗ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር መጥቶ ለጥፋው አታውቅም፤ ሁሌም ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ነበር የምትጥለው።

«ልሄድ ነው» አለች። «አረንጓዴውን የጄሎ ጣፋጭ እሠራለሁ። ካሮት የሚገባበትን።»

«ማንም አይወደውም እኮ እማዬ።»

«እንግዲያው ብዙ ይተርፈናል።»

ቀልድ ነበር። እማዬ ቀለደች። እኔ ሣር ማጨጃው ጋ ሄጄ የትራሱን ልብስ አየሁትና ተመለስኩ።

ኦክቶበር 13፣ እሑድ

ዛሬ ሦስት ጊዜ ልነግራት ሞከርኩ። ጠዋት ፀጉሯን ስትሠራ፤ አባዬ ገባ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፤ «ተይ ቆዪ፣ ይህን ዜና ልስማ» አለችኝ። ምሳ ላይ «እማዬ» ስላት «እ?» አለችና ጨው ጠየቅኳት። ጨው ፊቴ ነበር።

ድንጋዩን አይታ ይሆናል ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። የነገርኳት እኔ ነኝ።

ጁላይ ውስጥ ነው። ተከር ተኝቶ፣ ካሊን የልብስ ማጠቢያው ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች፣ ዝም ብላ «እህትሽን ምን ብላችኋት ነበር?» አለችኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ሲያየኝ «እናትሽ እንዴት ናት?» ነው የሚለው። ነገርኳት። ከየት እንዳወጣሁትም ነገርኳት። ደግማ ደጋግማ አለችው። ከሰው አፍ ሲወጣ ሌላ ነገር ነው። የልጅ ስም ይመስላል።

ከዚያ በሌላ ሳምንት «ብናወጣላት እናትሽ ይከፋት ይሆን?» አለችኝ።

መልሴን ነገ እጽፈዋለሁ።

ኦክቶበር 16፣ ረቡዕ

አልጻፍኩትም። ፊደሎቹን ቀብቼ ጨረስኩ። መጨረሻው ላይ ቀለሙ ትንሽ ፈስሷል።

ኦክቶበር 19፣ ቅዳሜ

በረጅሙ እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩ አልችልም።

በመኪና ስንሄድ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ሰባት ደቂቃ ነው መንገዱ። ጄሎው ጭኔ ላይ ነበር። እማዬ ሊፕስቲክ ተቀብታለች። «አያስፈራም፣ አይደል?» አለችኝ። «ስጦታ ሲከፈት ማየት ነው።» እኔም «አያስፈራም» አልኩ።

የካሊን እናት ቤት ሃያ ሴት ያህል ነበር። ጨዋታው የልጅቷን ስም መገመት ነው። አንዷ «ኦክሊን» ትላለች፣ ሌላዋ «ብሪንድሊ»፣ እህት ራስባንድ «ሰርፕራይዝ ብላችሁ ጥሩአት» አለች። አያቴ ኮሪን ብትመጣ ደስ ይላት ነበር፣ ግን ጉልበቷ አሟት ቀርታለች። እማዬም ገመተች። «ሩት» አለች። ሁሉም «ወይ እህት ስቶከር፣ እንዴት ያረጀ ስም ነው» ብለው ሳቁባት፣ እሷም ሳቀች።

ከዚያ ካሊን የእንጨት ፊደሎቹን የሸፈነውን ጨርቅ አነሣችው።

ሴቶቹ ሁሉ በአንድ አፍ «ኦ» አሉ። እማዬ ሳህን ይዛ ነበር። ሳህኑን ወንበሩ እጀታ ላይ አስቀመጠችው፣ በጣም በቀስታ፣ የሚፈስ ነገር የያዘ ይመስል። ሳህኑ ላይ ግን ኬክ ብቻ ነበር።

«ከየት አገኘሽው?» አለች አንዷ።

ካሊን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይህን የፈጠርነው እኛ አይደለንም። አንዳንድ ሰው ካሊን ናት የፈጠረችው ብሎ ያወራል፣ ላርመው እፈልጋለሁ። የእህት ስቶከር ሕፃን ስም ነው። እህት ስቶከር ስለ ፈቀዱልን፣ በሰው ፊት ላመሰግንዎት ፈልጌ ነው።»

ሁሉም ወደ እማዬ ዞሩ። እማዬ ወደ እኔ አየች። ረጅም አልነበረም። ካሊን ስትጠይቀኝ የመለስኩላትን ያን ጊዜ አወቀችው። «እማዬ ደስ ይለኛል ብላለች» ነበር ያልኳት። እማዬ ምንም አላለችም ነበር። ጠይቄያት አላውቅም።

«አዎ» አለች እማዬ ለሴቶቹ። «ፈቅጃለሁ።»

ከዚያ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። የስጦታ ሪባን ሰበሰበች። ዕቃ አጠበች። ለካሊን እናት ጄሎው እንዴት እንደሚሠራ ነገረቻት።  ቤት ስንደርስ «ሳህኑን እንዳትረሺ» ብቻ አለችኝ።

ኦክቶበር 20፣ እሑድ

አያቴ እሑድ እሑድ ለምሳ ትመጣለች። ወሬው ደርሷታል፤ ስልኳ ከመብረቅ ይፈጥናል።

«የስሜ ግማሽ አገር ለአገር ይዞራል አሉ» አለች ድንቹን እየጨለፈች። «አንድ ኬክ እንኳ የላከልኝ የለም።»

አባዬ ሳል አለ። እማዬ ተነሥታ ወደ ጓዳ ሄደች፣ አልተመለሰችም።

«ምን አልኩ?» አለችኝ አያቴ።

ሁሉንም ነገርኳት። ውሸቱንም። ሳህኗን ገፋ አድርጋ አዳመጠችኝ።

«እናትሽን ላሬ ብዬ ስም ሳወጣላት፣ በዚህ ሸለቆ ላሬ የሚባል ሰው አልነበረም» አለች። «ከራሴ ነው ያወጣሁት። ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ላሬዎች ሆኑ። ተናድጄ ለሁለቱ እናቶች ለአንድ ዓመት ሰላም አላልኳቸውም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰለቸኝ። ግን ኢዳ፣ የእኔዋ ላሬ እየሮጠች ቤት ትገባ ነበር እኮ። የእናትሽ አትገባም። አንድ አይደለም።»

ስትሄድ ጉንጬን ሳመችኝ። «ዋሽተሻል፣ እወቂው» አለችኝ። ቁጣ አልነበረውም። የአየር ሁኔታ እንደምትናገር ነበር ያለችው።

ኦክቶበር 23፣ ረቡዕ

እማዬ ዛሬ ተናገረች። ልብስ እያጠፍን ነበር።

«ለምን ፈቅዳለች አልሻት?»

«እንጃ።»

«ኢዳ።»

«ማንም ስለማይጠራት። አንቺም አትጠሪያትም።»

የአባዬን ሸሚዝ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ ደግማ አጠፈችው።

«የካሊን ቤት ከእኛ በአራተኛው ነው» አለች። «በጋ ሲሆን መስኮት ይከፈታል። እራት ደርሷል ነይ እያለች ስትጠራት እሰማለሁ። ከልጅነቷ እስክታገባ። ይህን አስበሽበታል?»

አላሰብኩበትም ነበር። እውነቱን ለመናገር አስቤበት ነበር፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያሰብኩት። ይህን አልነገርኳትም።

«ሃያ ሰው ፊት ስላላሳፈርኩሽ ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ» አለች። ቅርጫቱን ይዛ ሄደች።

ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ

ለካሊን ነገርኳት። ገና ከመግባቴ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ ተከር እግሬን ይዞ። «እማዬን አልጠየቅኳትም፣ ዋሽቼሽ ነው» አልኩ። ሁለቴ ማለት ነበረብኝ።

ተቀመጠች። ሆዷ ትልቅ ስለሆነ መቀመጥ ራሱ ጊዜ ይወስድባታል።

«እና በሰው ፊት አመሰገንኳቸው» አለች። «አምላኬ። በሰው ፊት።»

«አዎ።»

«ስሙን ለእህቴም ነግሬያታለሁ። እሷም ለዘመዶቿ።» ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ዛሬ ተከርን እኔ እይዘዋለሁ። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ማክሰኞ ነይ አላለችኝም።

ኦክቶበር 26፣ ቅዳሜ

ካሊንና ትሬንት መጡ። አልገቡም፣ በር ላይ ቆሙ። ትሬንት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር።

«እህት ስቶከር፣ እኔ አላወቅኩም ነበር» አለች ካሊን። «እንለውጠዋለን። ግድግዳው ላይ ያለውንም አውርደነዋል። የወጣውን መመለስ አልችልም እንጂ የእኛን እንለውጣለን።»

«ምን ልትሏት?» አለች እማዬ።

ተያዩ። «ኬት» አለ ትሬንት።

እማዬ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆየች። «ላስብበት» አለች። «በረንዳው በረዶ ይዟል፣ ስትወርዱ ተጠንቀቁ።»

ኦክቶበር 30፣ ረቡዕ

ምንም።

ኖቬምበር 4፣ ሰኞ

እማዬ ከማቀዝቀዣው በላይ ያሉትን መጻሕፍት አውርዳ አቧራቸውን ጠረገች። የሒሳቡን ከፈተች። «የት ደርሰን ነበር?» አለችኝ። ክፍልፋይ ላይ ነበርን። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ክፍልፋይ ላይ ነን። ስለ ስሙ ግን ምንም።

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ

ካሊን ትናንት ወለደች። ዛሬ ከምሳ በፊት ስልክ ተደወለ። የእማዬ እጅ ሳሙና ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

«እህት ስቶከር፣ ትሬንት ነኝ። ይቅርታ። የልደት ወረቀቱን ሊወስዱት መጥተዋል፤ ከሆስፒታል ልንወጣ ነው። የስሙን ቦታ ባዶ ትተነዋል። ካሊን እርስዎን ሳልጠይቅ አልጽፍም አለች። ኬት እንበላት? ምንም አይደለም፣ ከልባችን ነው።»

ከኋላው ሕፃን ታለቅሳለች። ቀጭን፣ የተናደደ ለቅሶ ነው። እማዬ እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ አዳመጠች። እኔ እሷን ማየት ፈርቼ ስልኩን አየሁ።

«ጤነኛ ናት?» አለች እማዬ።

«ጤነኛ ናት። ሦስት ኪሎ ተኩል። ኃይለኛ ናት።»

«ይሰማኛል።»

አንድ ሳህን አለቀለቀች።  ትሬንት «ነርሷ ስሙን ስትሰማ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ምን አለች ነርሷ?»

«በዚህ ስም በዚህ ወር ሁለተኛዋ ትሆናለች አለች። የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ እህት ስቶከር። ስልክ ላይ አይተው ነው።»

እማዬ እጇን ከውኃው አወጣች። አልጠረገችውም።

«የማላውቃቸው ሰዎች ከሚይዙትማ» አለች፣ ቀጥሎ ያለውን አልጨረሰችውም። ከዚያ «ጻፉት» አለች። «አንድ ነገር ግን ስማኝ። እንዳታሳጥሩት። ዴሊ፣ ሪኒ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማም። ዴልሪን ናት። ሙሉውን ጥሩት።»

«እሺ፣ እህት ስቶከር። ሙሉውን።»

ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እማዬ ወደ ዕቃው ተመለሰች። ስሙን በዚህ ወጥ ቤት ከሰማሁት ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ላቅፋት ፈልጌ ነበር፣ ግን ይቅር እንዳላለችኝ አውቃለሁ፤ ፎጣ ይዤ ከጎኗ ቆሜ ዕቃ አደረቅኩ። አልገፋችኝም።

ዲሴምበር 1፣ እሑድ

የጾም እሑድ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ርቦት ተቀምጧል። ሰባት ወንዶች ወጥተው ክብ ሠሩ። አባዬንም ትሬንት ጠርቶት ነበር፤ ሸሚዙን እማዬ ሁለቴ ተኮሰችለት። ከእኛ በኩል የሚታየው የወንዶቹ ጀርባና ከፍ ዝቅ የሚል ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው።

የትሬንት ድምፅ መጀመሪያ ብዙም አይሰማም ነበር። ስሙን ሲጠራ ግን ጮክ አለ፤ መጨረሻ ወንበር ላይ ያሉትም ሰምተዋል። ዴልሪን ሆብስ። እማዬ ጭንቅላቷን አላነሣችም። አሜን ሲባል ከሁሉም ዘግይታ አሜን አለች፣ ብቻዋን ሰማኋት።

አባዬ ተመልሶ አጠገቧ ሲቀመጥ ሕፃኗን የደገፈበትን እጁን ተቀብላ ያዘችው፤ መዳፉን ገልብጣ አየችው።

ካሊን ሕፃኗን ኮሪደሩ ላይ አመጣችልን። እማዬ አልተቀበለቻትም። «ዛሬ አይሆንልኝም» አለች፣ ካሊንም «እሺ፣ ሌላ ቀን» አለች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። ማክሰኞ ትመጪያለሽ ወይ አለችኝ። እማዬን አየኋት። «ሒሳቧን ከጨረሰች» አለች እማዬ።

በመኪና ስንመለስ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ማሞቂያው ይጮኻል። እማዬ ወደ መስኮቱ ዞራ አንድ ነገር ተናገረች። አልተሰማንም።

«ምን አልሽ?» አለ አባዬ።

«ጥቁር ፀጉር ነበራት አልኩ። የእኛዋ። ኢዳ አላየቻትም እኮ፣ ማንም አላሳያትም። ጥቁር፣ ብዙ፣ እስከ አንገቷ የሚደርስ። ጣቶቿ የአባቴ ጣቶች ነበሩ፣ ረጅም። ይቺ ብታድግ ፒያኖ ትመታ ነበር አለችኝ ነርሷ።»

አባዬ እጁን ዘርግቶ ማሞቂያውን አጠፋው። እማዬ ቀጠለች። ቤት እስክንደርስ ስትናገር መስታወቶቹ ሁሉ ጭጋግ ለብሰው ነበር፤ አባዬ አጎንብሶ በትንሿ በተጠረገች ቦታ እያየ ቀስ ብሎ ነዳ። ብርድ ነበር። መልሶ ይክፈተው ያለ ሰው አልነበረም።